በረካ ያልተጠጣበት እሁድ

እትዬ የአንዳችን አክስት ናቸው፤ ግን ሁላችንም ቡናቸውን እየጠጣን ነው ያደግነው። አንድ እሁድ ቶና ላይ ደርሰን ሳለ፣ ስኒ እያቀበሉን፣ ጡታቸው ላይ እብጠት ካገኙ ስምንት ወር እንደሆናቸው ነገሩን። «ይጠፋል ብዬ ነው» አሉ። በረካ የጠጣ አልነበረም።

እኛስ ምን እናድርግ? የለመድነውን! ኢንተርኔት ላይ ተጣድን። ሌሊቱን ስንቆፍር «አንቲቦዲ ማይክሮአሬይ» የሚባል ነገር አገኘን። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ አይከብድም። ትንሽ ብርጭቆ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ አንቲቦዲዎች በጥቃቅን ነጠብጣብ ይደረደራሉ። እያንዳንዱ የሚይዘው የራሱ ፕሮቲን አለው፤ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር። በደም ናሙናው ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች የሚያበራ ቀለም ይቀቡና ይፈስሱበታል። የተያዘው ይቀራል፣ ሌላው ይታጠባል። ከዚያ በሌዘር ሲታይ፣ የደመቀው ነጠብጣብ የትኛው ፕሮቲን እንደበዛ ይናገራል። ተመራማሪዎች የካንሰር ታማሚን ከጤነኛ ሰው ጋር እያነጻጸሩ ልዩነቱን ያድናሉ።

«በቃ፣ በአንድ ጠብታ ደም አለቀ!» ብለን ጨፈርን።

ጭፈራችን አልነጋለትም። እ.ኤ.አ. በ2001 ብራያን ሃብ፣ ማይትሬያ ደንሃምና ፓትሪክ ብራውን 115 የአንቲቦዲና የአንቲጂን ጥንዶችን ፈትነው ነበር። ብርጭቆው ላይ ከተደረደሩት አንቲቦዲዎች በትክክል የለኩት 20 በመቶው ብቻ! ቁልፍ የተባለው ሁሉ ቁልፍ አይደለም ለካ። ቀድሞ ማወቅም ብቻውን አያድንም። እንግሊዝ ውስጥ ከ200,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የማህፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰር ጥናት ውጤት በ2021 ሲወጣ፣ በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን እየለኩ በሽታውን ቀድሞ መፈለጉ የሟቾችን ቁጥር አልቀነሰም።

እና አንቲቦዲ ከንቱ ነው? ኧረ በፍጹም! ከእትዬ እብጠት በተወሰደው ናሙና ላይ ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን መብዛቱ የታየው በአንቲቦዲ ነው። ለእሱ የሚሰጠው ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒትም ራሱ አንቲቦዲ ነው። አንድ ቁልፍ፣ ግን በደንብ የተፈተነ።

አሁን ሕክምና ላይ ናቸው። እኛ ግን አንድ ነገር ይከነክነናል። እብጠቱን ያገኘው የገዛ ጣታቸው ነው፤ ያለ ብርጭቆ፣ ያለ ሌዘር። ስምንት ወር ሙሉ እዚያው ቤት ቡና ስንጠጣ «እትዬ፣ ደህና ነዎት?» ብለን መልሱን ያዳመጥን አልነበርንም።

እስኪ ዛሬ ቤት ስትገቡ እናንተ ጠይቁ። በረካ ሳይደርስ።