ክራሽ በአዲስ ቦዲ
ሶማሌ ተራ፣ ከመኪና ዕቃ መደዳው ጀርባ ያለች ጌም ቤት ገባሁ። ሰዉ ሁሉ ፊፋ ላይ ተጥዷል። «ክራሽ ባንዲኩት ክፈትልኝ» ስለው ልጁ «ጋሼ፣ እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። (አርጅተናል!)

እ.ኤ.አ. በ1996 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የወጣው ጌም በ2017 ከሁለት ተከታዮቹ ጋር ለፕሌይስቴሽን 4 እንደ አዲስ ተሠርቷል። በሰፈሩ ቋንቋ፣ ሻንሲው የድሮው፣ ሞተሩና ቦዲው አዲስ። ምስሉ ያምራል፤ ሴቭ የሚያደርገውም ራሱ ነው። ዝላዩ ግን ከብዷል። የጌሙ ጀግና ክራሽ ቶሎ ይወርዳል፤ ጠርዝ ላይ ሲያርፍም ይንሸራተታል። ጌሙ ውስጥ ያለው የገመድ ድልድይማ አያድርስ! የጣውላውን ጫፍ ነካ ሳደርግ ገደል። ደግነቱ ገመዱ ላይ ወጥቶ መሄድ አሁንም ይሠራል። በጣውላው የተሻገራችሁ ካላችሁ እስቲ ዘዴውን ንገሩኝ።