ከግሸን መልስ

አራት ነን። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን፣ ኪራዩን ለአራት፣ አስቤዛውን ለአራት፣ ሐሜቱንም ለአራት ተካፍለን እንኖራለን። ኮሮና በገባበት ዓመት፣ 2012 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል፣ አንዳችን ከሥራ ተቀነሰ። መጀመሪያ ሳቀበት። ቀጥሎ ዝም አለ። ከዚያ የመኝታ ክፍሉን በር ዘጋ። አብሮት የሚተኛው ልጅ ፍራሹን ይዞ ሳሎን ወጣ። "ለሁለት ቀን ነው" ተባባልን። አምስት ወር ሆነ።

መቼም የአገራችንን ነገር ታውቁታላችሁ። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ታሟል። ካፌ ገብታችሁ ብቻችሁን ማኪያቶ ብታዙ አስተናጋጁ "ሰው እየጠበቅህ ነው?" ይላል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልን ነው ያደግነው። ስለዚህ ቡና ሲፈላ አንኳኳን፣ ኳስ ሲኖር አንኳኳን፣ ደመወዝ የወጣ ቀን ክትፎ ገዝተን አንኳኳን። ምግቡን በር ሥር እናስቀምጥለታለን፤ ሌሊት ሳህኑ ታጥቦ እናገኘዋለን። ከበሩ ወዲያ የሚሰማው መልስ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ፒያኖ።

መጀመሪያ የፈረንጅ ሙዚቃ መሰለን። ቆይተን ስንሰማው ግራ እጁ እንደ ዋልትዝ ይረግጣል፣ ቀኝ እጁ ግን የእኛን ቅኝት ይዞ ይንቆረቆራል። መሀል ላይ ቆም ይላል፤ የረሳውን ነገር የሚያስታውስ ሰው ይመስላል፤ ደግሞ ይቀጥላል። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ነው። ኢትዮጲክስ የሚባለው ተከታታይ ሲዲ 21ኛው፣ በ2006 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳይ አገር የወጣው። አዎ፣ እኛም እንደ ብዙው የከተማ ልጅ የገዛ አገራችንን መነኩሲት በፈረንጅ በኩል ነው ያወቅናቸው። ይኼ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለዛሬ እንለፈው።

እኛ ታዲያ ልጁን ከክፍል ማውጫ መላ ስናጣ የሴትየዋን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርን። ሐሳባችን ቀላል ነበር። ምሳሌ አግኝተን በበሩ ቀዳዳ ልንሰብክለት።

ምሳሌስ ሞልቷል። እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው፤ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። እስቲ አስቡት፤ የስድስት ዓመት ልጅ፣ ያውም በዚያ ዘመን። ተመልሰው ጥቂት ሳይቆዩ ጣሊያን መጣ። ከቤተሰባቸው ሦስት ሰው ተገደለ፤ የቀሩት በ1937 በግዞት አዚናራ ወደምትባል የጣሊያን ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ዘንድ ሙዚቃ ተማሩ። ከዚያ ለንደን ሄዶ የመማር ዕድል መጣ። ሊሄዱ ሲሉ ፈቃድ ተከለከሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚሰበረው። ምግብ አልቀምስም ብለው ተኙ፤ ሞት አፋፍ ደርሰው ተመለሱ። ሲነሡ ሙዚቃውንም ለንደኑንም ትተው ወሎ፣ ግሸን ማርያም ገቡና መነኮሱ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነበሩ። አሥር ዓመት በባዶ እግር፣ በጭቃ ጎጆ፣ ያለ ፒያኖ።

ግሸንን የረገጠ ያውቀዋል። የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው፤ መስከረም 21 አገር ይጎርፍበታል፤ በሌላው ቀን ነፋስና ጸሎት ነው። ድሮ፣ በመካከለኛው ዘመን፣ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚታሰሩበት ተራራ እሱ ነበር። ታዲያ አንዱ ተገዶ የታሰረበትን ተራራ ሌላው ወዶ ወጣው። የሚገርመው ደግሞ ቦታው አምባሰል ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን የወሰደበት አገር። ፒያኖውን ጥለው የሸሹት ሴት የሄዱት ሄደው ሄደው ቅኝት በተሰየመበት አገር ነው።

እንግዲህ ይኼን ሁሉ ሰብስበን አንድ ምሽት በሩ ሥር ተኮለኮልን። አንዳችን (የስብከት ተሰጥዖ ያለው) ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፤ "ስማ፣ እሳቸውም ተገልለው ነው ይኼንን የሠሩት። አንተም ዝም ብለህ ከምትተኛ አንድ ነገር ሥራበት። ኮርስ ውሰድ። ጻፍ።" ያን ሰሞን ሁሉም ሰው እንዲህ ነበር የሚለው። በወረርሽኙ ያልጋገረ፣ ቋንቋ ያልተማረ፣ ቢዝነስ ያልጀመረ ሰው እንደ ሰነፍ ይቆጠር ነበር።

ፒያኖው ቆመ። ከሳምንታት በኋላ ድምፁን ሰማነው።

"ተራራው ላይ ፒያኖ አልነበረም እኮ።"

በቃ ይኼው ነው። መልሶ ከፈተው። እኛም ተያይተን ወደ ሳሎን ተመለስን።

ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደንም። ልጁ ልክ ነበር፤ ያነበብነውን በሚመቸን በኩል ነበር ያነበብነው። እማሆይ አሥሩን ዓመት የሠሩት አንድም አልበም የለም። ማንም "እዚያ ቁጭ ብለሽ ምን አፈራሽ?" አላላቸውም። ሙዚቃው የመጣው ከወረዱ በኋላ ነው። እግራቸው ተጎዳ፤ ከተራራው ወርደው አዲስ አበባ እናታቸው ቤት ገቡ። ፒያኖው የተከፈተው እዚያ ነው።

ጎንደር ሄደው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ ደግሞ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ፤ ቀን እየለመኑ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩ ልጆች። የሚሰጡት ገንዘብ የላቸውም፤ ያላቸው ሙዚቃ ብቻ ነው። በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢው ለችግረኛ ልጆች እንዲሆን ነው የወጣው። ኢትዮጲክስ ላይ የምንሰማው "ቤት የለሹ ተንከራታች" የሚለው ርዕስም ከዚህ በኋላ ሌላ ትርጉም ሰጠን። "የእናት ፍቅር" የሚለውማ ዝም ያሰኛል።

እና እኛ የብቸኝነት አልበም ስንለው የነበረው ነገር፣ የመመለስ አልበም ነው። ፒያኖው አንድ ነው፣ እጁ የአንድ ሰው ነው፤ ግን ከጀርባው የምትጠብቅ እናት አለች፣ ከፊቱ ደጅ የሚያድሩ ልጆች አሉ። ብቸኝነት ለብቻው ምንም አይወልድም ለማለት አንደፍርም፤ እኛ መናኝ አይደለንም፣ አናውቀውም። ቤት የሚጠብቀው ሰው ግን የሚወርድበት አለው። የጓደኛችን ጥያቄም ምናልባት ይኼው ነበር፤ ስወርድ ሳልፈርድባችሁ፣ ሳትፈርዱብኝ የምገባበት ቤት አለ ወይ?

ከዚያ ወዲያ ማንኳኳት ተውን። ግድ አጥተን አይደለም። ቡና ሲፈላ አራተኛውን ስኒ እንደረድራለን፤ "ተደርድሯል" እንላለን ጮክ ብለን፤ እንጠጣለን። ከእኛ አንዱ፣ እናቱ ነርስ የሆነች፣ ሐኪም ማየት እንዳለበት በወረቀት ጽፎ ስልክ ቁጥር ጨምሮ በበሩ ሥር ሰደደ። ስብከቱን ትተን ያደረግነው ይኼን ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ወጣ። ጢሙ አድጓል፤ ከስቷል። ቀዝቃዛ ሽሮ ከድስቱ በእጁ ጠረገና "ጨው አንሶታል" አለ። ማንም አላቀፈው፣ ማንም አላለቀሰ። አንዳችን ተነሥቶ ጨው ሰጠው። በማግስቱ ያን ወረቀት ይዞ ሐኪም ቤት ሄደ፤ እስከ በሩ ሸኘነው። ዛሬ ሥራ ይዟል፤ አንዳንዴ ክፍሉን ይዘጋል፤ እኛም እንደ ጥንቱ አንደነግጥም።

እማሆይ በመጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ከ1984 ጀምሮ በኖሩበት በኢትዮጵያ ገዳም፣ በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። በሚቀጥለው ዓመት በደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ ቤተሰባቸው ቤት፣ ለብቻቸው ቴፕ ላይ የቀረጿቸው ዘፈኖች ወጡ። በፒያኖ እያጀቡ ያዜማሉ። ገና አገራቸው ውስጥ ሆነው ስለ አገር ናፍቆት ነው የሚያዜሙት። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይሰማሉ።

አልበሙን አራታችንም ሳሎን ሆነን ሰማነው። ቡና እየፈላ ነበር። ያ ልጅ ወፎቹ ጋ ሲደርስ ድምፁን ጨመረና "ይኼውላችሁ፣ መስኮቱ ክፍት ነበር" አለ።