የበጉ ደም ሲመረመር፤ ከባቢሌ እስከ ቶጎ ውጫሌ



ለዒድ አል-አድሃ በግ ስንገዛ ጥርሱን እናያለን፣ ወገቡን እንዳብሳለን፣ እግሩንና ዓይኑን እንመለከታለን። ዕውርነቱ፣ ሕመሙ ወይም ማንከሱ ግልጽ የሆነ፣ ከስቶ አጥንቱ የቀረ እንስሳ ለኡድሂያ እንደማይበቃ በመድረሳ ተምረናልና። ነገር ግን ዓይን የማያየው በሽታስ? ደሙ ካልተመረመረ በቀር የማይታወቀውስ? ይህን ጥያቄ በልባችን ይዘን፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሐረር ወደ ምሥራቅ ጉዞ ጀመርን።

የመጀመሪያ ማረፊያችን ከሐረር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ባቢሌ ነበረች። የኦቾሎኒ አገር ናት፤ መኪና ሲቆም ሻጮቹ በመስኮቱ በኩል ይሻማሉ። የገበያ ቀን ስለነበር የግመሉ ጩኸትና የአቧራው ደመና ከሩቅ ተቀበሉን። ኦሮሞውና ሶማሌው፣ ገበሬውና አርብቶ አደሩ የሚገናኙበት ገበያ ነው። ከግመሎቹ መካከል ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እጃቸውን በፎጣ ሸፍነው ቆመዋል። አፋቸው ዝም ብሏል፤ የሚነጋገሩት ጣቶቻቸው ናቸው። በፎጣው ሥር ጣት እየተጨበጠ ዋጋ ይጠራል፣ ዋጋ ይቀነሳል፤ በአጠገባቸው የቆመ ሰው እንኳ አያውቀውም። ሲስማሙ እጃቸውን ይለቃሉ፤ በቃ፣ ግመሉ ተሸጠ። ደረሰኝ የለም፣ ወረቀት የለም፤ ውሉ የሚታሰረው በቃልና በመተማመን ነው።

ከባቢሌ ወዲያ፣ አንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ የተሸከመበትን የደካታ ሸለቆ አልፈን፣ የካራማራን ተራራ ተሻግረን ጅግጅጋ ገባን። በከብት ተራው ሰውነታቸው ነጭ፣ ራሳቸው ጥቁር የሆኑት የሶማሌ በጎች በመንጋ ቆመዋል። ዓረቦች እነዚህን በጎች አብዝተው ይወዳሉ። ለውጭ ገበያ የሚወጡት ብዙዎቹ በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ አልፈው፣ ሐርጌሳን አቋርጠው በርበራ ወደብ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በመርከብ ተጭነው ቀይ ባሕርን ይዘው ጅዳ ይወርዳሉ። ሐጅ ሲቃረብ ተፈላጊነታቸው ይጨምራል።

እኛም የበጎቹን መንገድ ተከትለን ቶጎ ውጫሌ ደረስን። በጅግጅጋ የተዋወቅነው አንድ ወጣት ነጋዴ በአጎቱ ቤት አሳደረን። አጎትየው ዕድሜያቸውን በሙሉ ከበግና ከግመል ጋር ያሳለፉ ሽማግሌ ናቸው። ከዒሻ ሰላት በኋላ ሻይ በወተት ቀርቦ ወሬው ወደ በግ ዞረ።

«አዴር፣ ሳዑዲ ገበያውን የዘጋች ጊዜ ምን አጋጠመዎት?» ስንል ጠየቅናቸው። ወጣቱ እያስተረጎመ እንዲህ አሉን፦

«መዓሊም፣ በግ ወስዶ ስኳርና ሩዝ ይዞ የሚመለሰው መኪና ቆመ። እኛ በጉን አንበላውም፤ በበጉ እህል እንበላለን። በሬ ላይ በግ ሞልቶ ልጆቼ ሻይ ያለ ስኳር ጠጡ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 እና 1998 በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በሽታ በኬንያና በሶማሊያ ተነሣ። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት፤ ውኃ ሲተኛ ትራባለች። እርጉዝ በጎች ያስወርዳሉ፣ ግልገሎች ያልቃሉ፤ ሰውም የታመመ እንስሳ ሲያርድ ከደሙ ይያዛል። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1998 የቀንዱን አገሮች እንስሳት ከለከለች፤ በተከታዩ ዓመት ፈቀደች። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2000፣ በእኛ መስከረም 1993፣ በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፍሪካ ምድር ወጥቶ በሳዑዲዋ ጂዛንና በየመን ታየ። በሁለቱ አገሮች ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሩ እንደገና ተዘጋ፤ አሁን ግን ለወራት ሳይሆን ለዓመታት ነበር።

ሕዝቡ እየሞተበት በሩን የዘጋን መንግሥት መውቀስ ይከብዳል። የሽማግሌው ቅሬታም እርሱ አልነበረም። «ምርመራን አልፈራንም» አሉን። «የፈራነው ሳይመረመር የሚዘጋውን በር ነው። በጌ ታሞ ቢሆን እሺ ባልኩ ነበር። ማንም መጥቶ ደሙን አላየም።»

ይህ ቃል ሌሊቱን በጆሯችን ሲያስተጋባ አደረ። የጅምላ እገዳ የጤነኛውንና የበሽተኛውን፣ የሐቀኛውንና የአጭበርባሪውን በግ በአንድ ይቆጥራል። ሁለቱን የሚለያቸው ምርመራ ብቻ ነው።

መፍትሔውም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በጅቡቲ ዳመርጆግ፣ በ2009 ደግሞ በበርበራ የእንስሳት ኳራንቲን ተከፈተ። ሳዑዲም በ2009 እገዳውን አነሳች። እንስሳቱ ከመጫናቸው በፊት በአጥር ውስጥ ለሳምንታት ይቆያሉ፤ ከአንገታቸው ሥር ደም ይቀዳል። ለብሩሴሎሲስ፣ ማለትም ከብትን ለሚያስወርደው በሽታ፣ ከደሙ የተለየው ጥሩ ፈሳሽ አንድ ጠብታ ሮዝ ቀለም ካለው መመርመሪያ ጋር ይቀላቀላል። ለአራት ደቂቃ ሲወዛወዝ ድብልቁ እንደሚረጋ ወተት ከተቋጠረ በጉ ተጠርጣሪ ነው፤ ካልተቋጠረ ያልፋል። በሩ ግን ለዘለቄታው አልተከፈተም፤ በዲሴምበር 2016 ሳዑዲ የሶማሊያን እንስሳት ዳግመኛ ከልክላለች።

ደንቡ የራሱ ሸክም አለው። የኳራንቲኑን ቀለብና ወጪ የሚችለው ትልቁ ነጋዴ ነው። አምስት በግ ያለው አርብቶ አደር ከመርከቡ ሩቅ ነው፤ የበጉን ጤንነት የሚመሰክር ወረቀት ስለሌለው ለመጣው ደላላ በመጣው ዋጋ ይሸጣል። ሐኪሙና መመርመሪያው ከወደቡ አልፈው ወደ ውኃ ጉድጓዱና ወደ ገጠሩ ገበያ ቢቀርቡ ግን፣ የእርሱም በግ ምስክር ይኖረው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ምርመራውን የወደቀው በግ የት ይሄዳል? ይህን ስንጠይቅ ወጣቱ ነጋዴ ዓይኑን ሰበረ። በበርበራ 7 በጎች ተመልሰውበት፣ በቅርብ ባለ ገበያ ነገሩን ሳይናገር ለአንድ አርቢ መሸጡን ነገረን። «ዕዳ ነበረብኝ» አለ። አጎቱ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጡ፤ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

ወገኖቻችን ሆይ! ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ጤነኞች ካሉት ጋር እንዳያቀላቅል መከልከላቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ኳራንቲን ባዕድ የጫነብን ደንብ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በገበያ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜም ነጋዴውን፣ ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠይቀውታል። የወደቀ በግን ደብቆ መሸጥ እርጥቡን እህል ከታች ከማድረግ በምን ይለያል? ያ አርቢ በጎቹን ከመንጋው ቀላቅሏቸው ይሆናል፤ ልጆቹም ጥሬውን ወተት ጠጥተው ይሆናል።

ስለዚህ በየቤታችን ይህን እንያዝ፦ ወተት አፍልተን እንጠጣ፤ የበግ፣ የፍየል፣ የላምም ሆነ የግመል። ያስወረደች እንስሳ ስትገኝ ጽንሱን በባዶ እጅ አንንካ፤ ሐኪም እንጥራ። በዒድ ዕለት የሚያርድና የሚገፍፍ ሰው በእጁ ቁስል ካለ ጓንት ያድርግ፤ ሕመሙ የታየ እንስሳ አይታረድ። የምንሸጠው እንስሳ ነውር ካለበት፣ ገዢው ባይጠይቀንም እንናገር።

ማለዳ ፈጅርን ሰግደን ለመሳፈር ስንወጣ ሽማግሌው የወንድማቸውን ልጅ በር ላይ አቁመው ያናግሩት ነበር። «ሰውየውን አላውቀውም» ይላል ወጣቱ። «ገበያውን ታውቀዋለህ» አሉት። «ሄደህ በጎቹን የገዛህን ሰው ፈልግ። ገንዘቡን መልስለት፤ ካላገኘኸው ለገበያው ሰው ሁሉ ተናገር።» ወጣቱ መልስ አልሰጠም። ጫማውን ግን እያሰረ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) ንግዳችንን ሐላል፣ ቃላችንን እውነት፣ ከብቶቻችንንም ጤነኛ ያድርግልን። አሚን።