የሐረር ልጆችና የጽርእ ቅርስ

በሐረር ከተማ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ወንበር ላይ፣ በመድኃኔ ዓለም ያስቀደሰ ሕፃንና በጀጎል ግንብ ውስጥ ካሉት መስጊዶች በአንዱ የሰገደ ሕፃን ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ መምህር ይሰማሉ፤ አንዱ በቤቱ ሐረሪኛ፣ ሌላው አፋን ኦሮሞ፣ ሌላው አማርኛ ይናገራል። ይህ ለሐረር አዲስ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በአንድ ጣራ ሥር መሰብሰብ ብቻውን እያንዳንዱን ሕፃን «ይህ ቤት የእኔም ነው» አያሰኘውም። ትምህርት ቤቶቻችን ለዚህ የያዙት መፍትሔ በዓመት አንድ ጊዜ የሚከበረው የባህል ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ልጆች የየወገናቸውን ልብስ ለብሰው፣ የየራሳቸውን ዘፈንና ምግብ አቅርበው፣ አንዱ ለሌላው ያጨበጭባል። መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ዳሩ ግን ያጨበጨበው ልጅ በማግስቱም እንግዳ ነው፤ ልጆቹ በእውነት ቤተኞች የሚሆኑት፣ ሳያውቁት በየቤታቸው ይዘውት የኖሩትን የጋራ ሀብት ባገኙት ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ከእንዲህ ያሉት ሀብቶች አንዱ፣ ምንም እንኳ ሩቅ ቢመስል፣ የጥንቱ የጽርእ፣ ማለትም የግሪክ፣ ሥልጣኔ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዘወትር በዓይናችን ፊት ያለውን እንመልከት። በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና በባሕረ ሐሳብ የምንቈጥርባቸው የግእዝ አኃዞች ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸው፤ ግሪኮች ፊደላቸውን ለቍጥርም ይገለገሉበት ስለ ነበር፣ አልፋ ፩፣ ቤታ ፪፣ ጋማ ፫ ሆነው ወደ እኛ ገብተዋል። የአክሱም ነገሥታት የወርቅ ገንዘባቸውን በጽርእ ጽሕፈት ያስመቱ ነበር፤ ንጉሥ ኢዛናም በ4ኛው ክፍለ ዘመን የድሉን ዜና በድንጋይ ሲያስቀርጽ በግእዝ ብቻ ሳይወሰን በጽርእም አስቀርጾታል። ይህን ለክርስቲያኑ ልጅ ብቻ የሚነገር የቤተ ክህነት ታሪክ አድርጎ መቍጠር አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች ከመካ ተሰድደው የተጠለሉት በዚሁ በአክሱም መንግሥት ነውና፣ የነጃሺ አገር ታሪክ የሙስሊሙም ልጅ ርስት ነው።

ይልቁንም የሚያስደንቀኝ የኤፌሶን ወጣቶች ታሪክ ነው። ኤፌሶን በታናሽ እስያ የነበረች የግሪኮች ከተማ ናት፤ ስንክሳራችን በነሐሴ 20 ቀን እንደሚያስበው፣ በከሓዲው ንጉሥ በዳኬዎስ ዘመን ሰባት ወጣቶች ሃይማኖታቸውን ላለመካድ ወደ ዋሻ ሸሽተው፣ በዚያ አንቀላፍተው ከረጅም ዘመን በኋላ ነቁ። ቅዱስ ቁርኣንም በ18ኛው ምዕራፍ፣ ሙስሊሞች ዓርብ ዓርብ ሊያነቡት በሚወድዱት በሱረቱል ካህፍ፣ ስለ ዋሻው ባልደረቦች ይተርካል፤ እነርሱም ከጣዖት አምላኪዎች ሸሽተው በዋሻ ለብዙ ዘመን ተኝተው የነቁ ወጣቶች ናቸው። በሁለቱም ትረካ ከመካከላቸው አንዱ ገንዘብ ይዞ ምግብ ሊገዛ ወደ ከተማ ይላካል፤ በቁርኣኑ ትረካ ደጃፉ ላይ እግሮቹን ዘርግቶ የተኛ ውሻ አለ፤ የወጣቶቹም ቍጥር ሰዎች የሚከራከሩበት፣ ፈጣሪ ግን የሚያውቀው ሆኖ ተነግሯል። እንግዲህ ከእናቱ ጋር ስንክሳር ሲነበብ የሰማውና ከአባቱ ጋር ቁርኣን ሲቀራ የሰማው ሁለት የሐረር ልጆች ይህን ታሪክ በየፊናቸው ያውቁታል፤ ጓደኛቸው እንደሚያውቀው ግን የነገራቸው የለም። አንዱ ሲጀምር ሌላው «ይህንማ እኔም አውቀዋለሁ!» ብሎ ቢያቋርጠው፣ ያ ጩኸት ከብዙ ዓመት የባህል ቀን ይበልጥብኛል።

መምህሩ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ተገቢም ነው። ስለዚህ ይህ የሚነገረው እንደ ስብከት ሳይሆን እንደ ታሪክና እንደ ሥነ ጽሑፍ፣ የትኛው ትረካ ይበልጣል ሳይባል፣ ልዩነቱም ሳይሸፈን ነው።

የግሪክ ፍልስፍና ወደ ሁለቱ ወገኖች የገባበት መንገድም ከዚህ አይለይም። «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን» የተባለውን የግእዝ መጽሐፍ፣ የሶቅራጥስን፣ የአፍላጦንንና የአርስጣጣሊስን ምክር የሰበሰበውን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል የተረጐሙት ከዐረብኛ ነው። በእስልምና ትምህርት ደግሞ አመክንዮ፣ መንጢቅ የሚባለው፣ ከሚጠናባቸው የታወቁ መጻሕፍት አንዱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አል አብሐሪ ያዘጋጀው «ኢሳጉጂ» ነው፤ ስሙም ሳይቀር ከግሪካዊው ከፖርፊርዮስ መጽሐፍ የተወረሰ ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከሐረር ተነሥተው በዘመቱበት፣ አሚር ኑርም የጀጎልን ግንብ ባሠሩበት በዚያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ወገን ጭፍሮች በሰይፍ ሲተራረዱ፣ የሁለቱ ወገን ሊቃውንት ግን ከአንድ ምንጭ ይጠጡ ነበር። ልጆቻችን የጦርነቱን ታሪክ በሚገባ ያውቁታል፤ ይህኛውን ማን ነገራቸው?

ግሪኮችም ራሳቸው ለሐረር እንግዶች አልነበሩም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ለባርዴ የንግድ ቤት ሊሠራ ወደ ሐረር በመጣበት ዘመን አብሮት የሠራው ግሪካዊው ሶቲሮ ነበር፤ ራምቦ ስለ ኦጋዴን የጻፈውና በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የታተመው ዘገባ የተመሠረተውም በሶቲሮ ጉዞ ላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ፣ ይልቁንም ባቡር ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ፣ ብዙ ግሪኮች በዚህ አገር በንግድና በእጅ ሥራ ኖረዋል። በአዲስ አበባም ልጆቻቸው ቋንቋቸውን እንዳይረሱ የማኅበረሰባቸውን ትምህርት ቤት አቁመዋል፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አብዛኞቹ አገሩን ሲለቅቁ፣ ትምህርት ቤቱ ኢትዮጵያውያን ልጆችን እያስተማረ ቀጥሏል። ለራስ ልጆች የተሠራ ቤት ለጎረቤት ልጆችም መሆኑ ግሩም ነገር ነው።

የጥንቶቹን ግሪኮች ያለ ነቀፋ ላመሰግን አልፈልግም፤ ባሪያ ይገዙ ነበር፤ ከእነርሱ ወገን ያልሆነውንም ሁሉ አረመኔ ይሉት ነበር። ሆኖም ከመካከላቸው ኢሶቅራጥስ፣ ክርስቶስ ከመወለዱ 380 ዓመት ገደማ አስቀድሞ በጻፈው ንግግር፣ ግሪካዊነትን ከደም አንሥቶ ለትምህርት ሰጥቶታል፤ ግሪካዊ የሚባለው ትውልዱን የሚጋራ ሳይሆን ትምህርቱን የሚጋራ ነው ማለቱ ነበር። ከዚህም በፊት በሆሜር ኦዲሴይ ውስጥ፣ ቴሌማኮስ አባቱን ሲፈልግ ጲሎስ በደረሰ ጊዜ፣ ሽማግሌው ንጉሥ ኔስቶር በመጀመሪያ አበላው፣ አጠጣው፤ ማን እንደ ሆነ የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። የመሸበትን መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ የሚያሳድር የአገራችን ገበሬ ይህን ሥርዓት ከመጽሐፍ አልተማረውም። በትምህርት ቤት ግን ዛሬ አዲስ የመጣ ልጅ መቀመጫ ሳይሰጠው አስቀድሞ «ብሔርህ ምንድን ነው?» ሲባል ሰምቻለሁ፤ እጅግ አዝኛለሁም።

በሐረር የምታስተምሩ የታሪክና የቋንቋ መምህራን ሆይ፣ በሚመጣው የትምህርት ዘመን አንድ ክፍለ ጊዜ ለአኃዞቹ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ለኤፌሶን ወጣቶች፣ አንድ ክፍለ ጊዜም ለኔስቶር ማዕድ ስጡ፤ ልጆቹም በሐረሪኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተራ በተራ ይተርኩት። አባቶችና እናቶችም፣ ልጃችሁ የጓደኛውን ትረካ ይዞ ወደ ቤት ሲመጣ አትቈጡት፤ የእናንተን ጨምሩለት። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መጻሕፍቱ በእጃችን ናቸው፤ የጎደለው የሚዘጋጅ መምህር ብቻ ነው። ከእናንተ መካከል ይህን የመሰለ ትምህርት የሰጠ ካለ፣ ሌሎች መምህራን እንዲከተሉት እንዴት እንዳደረገው ከዚህ በታች ይጻፍልን።