ተከራይዋ ወይን

ፎቶዋን አይታችሁ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ላላችሁኝ ሁሉ፦ ወይን ናት። ግንዷ ከብዙዎቻችሁ በዕድሜ ይበልጣል፤ ቁመቷ ግን ከጉልበቴ አያልፍም። ጃፓኖች ቦንሳይ የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው።

የተገኘችው ቡራዩ ነው። አከራያችን ሰርቪስ ቤት ሊጨምር ብሎ ግቢ ውስጥ የነበረውን አሮጌ ወይን ሲያስቆርጥ፣ ክንድ የሚያህል ግንድ ለምኜ ወሰድኩና የቀለም ባልዲ ቀድጄ ተከልኩት። ወይን ደግ ተክል ነው፤ ያረጀ ግንዱ ሳይቀር ሥር ያወጣል።

ከዚያ ሰበታ ገባን። ወይን ቅጠሉን አራግፎ የሚያርፍበት ብርድ ይወዳል። ሰበታ ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ እንደለመለመች ቀረች፤ ፍሬ የለ፣ ምን የለ። ስለዚህ እረፍቷን እኔው ሰጠኋት። መስከረም መጨረሻ ላይ ከዝናብ አስጠልዬ ውሃ ቀነስኩባት፣ ቅጠሏን በእጄ ለቀምኩ፣ የዓመቱን ቅርንጫፍ ሁሉ ሁለት ሁለት ዓይን እያስቀረሁ ቆረጥኩ። ከቁርጡ ውሃ ሲንጠባጠብ ባለቤቴ «አስለቀስካት!» አለችኝ። ግድ የለም፣ ወይን ሲቆረጥ እንዲያ ነው። ፍሬው የሚመጣው አምና ካደገው እንጨት በሚወጣው አዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ጊዜውንም የመረጥኩት በምክንያት ነው፤ ፍሬው በበጋ እንዲበስል። ክረምት ላይ ከደረሰ ዝናብና ሻጋታ ይጨርሰዋል።

ሱሉልታ ስንመጣ ይሄ ሁሉ ስሌት ተናጋ። ህዳርና ታህሳስ ውርጭ አለ፤ ለጋውን ቀንበጥ በአንድ ሌሊት አጥቁሮት ያድራል። መሬት ላይ የተተከለች ብትሆን አብቅቶላት ነበር። ባልዲ ግን ይነሳል። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ እቤት እያስገባናት አደርን፤ ያውም ባለ አንድ ክፍል ቤት! ትንሹ ልጄ ለእሷ ቦታ ሲል እግሩን አጥፎ ነው የከረመው። (አንድ ቀንም አላማረረም፣ ይመዝገብለት።)

ቦንሳይ ቅጠሉን ያሳንሳል እንጂ ፍሬውን አያሳንስም። ትንሽ ባልዲ ብዙ ፍሬ አይችልምና አንድ ዘለላ ብቻ ተውኩላት። ልጆቹ ቆጥረውታል፦ 31 ፍሬ። ሰሞኑን መለስለስ ጀምሯል።

አከራያችን ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁልኝ ብሏል። ቡራዩ አንድ ቤት አይተናል፣ ገና አልተስማማንም። አልጋውና ቁምሳጥኑ በተገኘው አይሱዙ ይሄዳል። ለእሷ ግን ፒካፕ ያለው፣ ጉድባ ሲያይ ቀስ የሚል ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።