ሐይቁ የማን ነው?

ከባለቤቴ ጋር ከሎስ አንጀለስ ወጥተን ሳን በርናርዲኖ ተራሮች ላይ ቤት ለመግዛት ስንመክር ከረምን። ክሬስትላይን፣ ሌክ አሮውሄድ ወይስ ቢግ ቤር? ሦስቱም ሐይቅ አላቸው፤ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ኑሯቸው ለየቅል ነው።

ልቤ መጀመሪያ የሸፈተው ወደ ቢግ ቤር ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ አዲስ አበባን ያስታውሰኛል። ግን የበረዶ ሸርተቴ አገር ነው፤ በክረምት ቅዳሜና እሁድ መንገዱ አያላውስም።

አሮውሄድ ጥድ በጥድ ነው፤ ውበቱን አልክድም። ሐይቁ ግን የግል ነው። የመጠቀም መብት ያለው አሮውሄድ ውድስ በሚባለው ክልል ውስጥ ቤት ላለው ሰው ነው፤ ከክልሉ ውጭ ያለ ቤት የቱንም ያህል ቢቀርብ ይህ መብት አይከተለውም። የክሬስትላይኑ ሌክ ግሪጎሪ በአንጻሩ የካውንቲ መናፈሻ ነው። ልጆቼ የአክስታቸውን ልጆች ይዘው ሲወርዱ «የማን ናችሁ?» የሚላቸው እንዳይኖር እፈልጋለሁ። ለእኔ ይህ ከእይታም ከዋጋም ይበልጣል።

የሚያስፈራኝ ሦስቱም የሚጋሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እሳት በእነዚህ ተራሮች ብዙ ቤት በልቷል፤ በ2023 ደግሞ የወረደው በረዶ ሰዉን ለቀናት ቤቱ ዘግቶበታል።

እኔ ክሬስትላይን ብያለሁ። እናንተም ተራራ ላይ ቤት ካማራችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የእሳት ኢንሹራንሱን ዋጋ ጠይቁ፤ የሐይቁንም መብት በጽሑፍ አረጋግጡ።