በሰቆጣ መንገድ ላይ የተነሣ ጥያቄ

አንባቢ ሆይ፤ ሰቆጣ ብትመጣ ከዐለት የተፈለፈለውን ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ሳታይ አትመለስ። ከዚያ ስንመለስ፣ በምርጫ ምክንያት ከወንድሙ ጋር የተኳረፈ ተማሪዬ፣ «ቋንቋችን አንድ ኽምጣና ነው፤ ታዲያ ምርጫችንስ አንድ መሆን አይገባውምን?» ሲል ጠየቀኝ።

የሩቅ አገር ምሳሌ ነገርሁት። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የአሜሪካ ምርጫ ፕሬዚዳንት ቡሽ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በሕገ መንግሥት እንዲታገድ ይሹ ነበር፤ ሆኖም ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነን ካሉት መራጮች ከመቶ 23 ያህሉ መረጧቸው። ከምርጫው በኋላ ገሚሱ ክሕደት ነው ሲል፣ ገሚሱ ግብሩም የአገር ጸጥታውም ይመለከተናል አለ። በአገራችን ሕጉ ድርጊቱን ስለሚቀጣ እንዲህ ያለው ክርክር በአደባባይ አይሰማም።

ተማሪው ጥቂት ዝም ብሎ ተራመደና፣ «እንግዲያስ ዛሬ ወንድሜን ቡና ልጥራው» አለኝ።